ባዶውን የማይዘጋው በር

ይሄን የምጽፍላችሁ ሰው አምኖኝ አይደለም። ታናሽ እህቴ እንኳን በስልክ ስነግራት "ኮሪን፣ ደክሞሻል፤ ትንሽ ተኚ" ብላ ነው የሸኘችኝ።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤቴ፣ ዓይኔ እያየ ሆኗል። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ውድቅት ሌሊት፣ ዝናብ፣ የጠፋ መብራት የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ... ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። የሰኔ ፀሐይ ቦግ ብላ፣ ንቦቹ አበባው ላይ እየተራኮቱ፣ የጎረቤት የሣር ማጨጃ ከሩቅ እየጮኸ...

በእንደዚያ ያለ ቀን ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ፣ ታነር ሚልስ በምትባል መንደር ነው። እኔና ባለቤቴ ዋረን ጡረታ እንደወጣን ይሄን ነጭ የእንጨት ቤት ገዛን። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ቤት ነው።

አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ጌታ የሆነ ይመስለዋል እንጂ አሽከር ሆኖ ነው የሚቀጠረው።

ወጥ ቤት ፖም ከወደቀብኝ ሳሎን ሄጄ ነው የማነሳው፤ ወለሉ ያዘመመ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት እንዲዘጋ የመታጠቢያ ቤቱ መከፈት አለበት። ለምን? እኔን አትጠይቁኝ። አንዱን ስጠግን ሌላው ይፈርሳል። ጨጓራዬ ተልጦ ያለቀው እዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ደግሞ ጠዋት ላይ ፀሐይ በዚያ በተወላገደ የድሮ መስታወት ገብታ ግድግዳው ላይ ስትወዛወዝ... ከጨረታ ለየብቻ በለቀምኳቸው፣ አንዱ ካንዱ በማይመሳሰል ሲኒዎች ሻይ ስንጠጣ... ውጭ የተሰጣ አንሶላ የሊላክ አበባ ሽታ ይዞ ሲገባ... ንዴቴን ሁሉ እረሳዋለሁ። እስከሚቀጥለው ብልሽት ድረስ።

ዋረን ከኔ ይብሳል። ጨረታ ካየ አያልፍም። አንድ ቀን ከስድስት የጥድ ሳንቃ የተሠራ ረጅም የብርድ ልብስ ሳጥን ጭኖ መጣ። ሰማያዊ ቀለሙ ግማሹ ተልጧል። ርዝመቱ የራሱን የዋረንን ቁመት ያክላል።

"ልቀባው?" አልኩት።

"ንኪውና እፈታሻለሁ" አለኝ። "ይሄ ቀለም እኮ በዕድሜ ያያትሽ ታላቅ ነው!"

እንዲህ ነበርን።

ባለፈው ዓመት በበረዶው ወራት የዋረን ልብ ታመመ። ደረቱን ከፍተው ሠሩት። ሐኪሙ ሲያስወጣን ደረጃ መውጣት መውረድ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ መናደድ የለም አለ።

"የመጨረሻውን ለሷ ንገርልኝ" አለው ዋረን፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከእራት በኋላ ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ።

"ምን ይላል?"

"ዱብ... ዱብ... ይላል።"

"ደህና ነኝ ማለት ነው።"

ብስኩት የምንላት ድመታችንም ቦታዋ እዚያው ሆነ። ዋረን ሳሎን ሶፋው ላይ ሲጋደም ደረቱ ላይ ወጥታ ትጠቀለላለች። ሲተነፍስ እሷም ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ... ትላለች። ጀልባ የተሳፈረች ነው የምትመስለው። ሥራ ላይ ሆኜ ዘወር እልና እሷን አያለሁ። ድመቷ ከፍ ዝቅ ካለች ባሌ አለ ማለት ነው።

በዚያን ወቅት ከእግዜር የምፈልገው ሌላ ምንም አልነበረም። ዋረን እንዲኖርልኝ ብቻ።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

የወጥ ቤቱ በር ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። ዋረን ሊወርደው አይችልም። የፊት ለፊቱ በር ግን አንድ ሰፊና ዝቅ ያለ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ፒዮኒዎቹ ይወስዳል። የሕፃን ጭንቅላት የሚያካክሉ፣ ሮዝ ቀለም ያላቸው አበቦች ናቸው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች የተከሏቸው። ዋረን ከኔ ቀጥሎ የሚወደው እነሱን ነው፤ እንደ ቀኑ ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

እና ሰውዬው አበቦቹን በመስኮት እያየ ሲቆዝም እንዴት ልቻለው?

በሩ ከገባን ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦበት ከመቃኑ ጋር አንድ ሆኗል። ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ የሚገባው በወጥ ቤት በኩል ነው። ፖስተኛውም፣ ፓስተሩም። እኔም በዚሁ ልማድ ነው ያደግኩት። የአያቴ የፊት በር ተከፍቶ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ለምን እንደተከፈተ ግን... ልጅ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም።

በቢላ ቀለሙን እየቆረጥኩ ሳለ አክስቴ አልቪና ከመንገዱ ማዶ መጥተው በመስኮቱ ብቅ አሉ። የማንም አክስት አይደሉም፤ ግን መንደሩ ሁሉ አክስቴ ነው የሚላቸው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"በሩን እየከፈትኩ።"

"ለምን?"

"ለዋረን።"

ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"ሞተ እንዴ?"

"ኧረ አክስቴ! ሶፋው ላይ ነው! ሲያንኮራፋ አይሰሙትም?"

"ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?" አሉና መንገዱን ተሻግረው ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። የባሰ እልህ ያዘኝና ቢላውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

ከቀለሙ ሥር ምስማር ነበር። ብዙ ምስማር። ጭንቅላታቸው አራት ማዕዘን የሆነ፣ በእጅ የተቀጠቀጡ የድሮ ምስማሮች... ከውስጥ በኩል የተመቱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ደግሞ ያው የአሮጌ ዕቃ በሽተኛ ነኝ። "እንዴት ያምራሉ!" አልኩና አንድ በአንድ ነቅዬ በሲኒ ሰበሰብኳቸው።

በሩን ሳብኩት። ተከፈተ።

የውጭው ነፋስ ይገባል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ወጣ...

ከኋላዬ፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣና ፀጉሬን ወደ ፊት በትኖት ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለ።

"የአሮጌ ቤት ነገር" ብዬ ተውኩት።

ዋረንን ደግፌ አወጣሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወንበር አድርጌ አስቀመጥኩት። ብስኩት ጭኑ ላይ ወጣች። አንድ ፒዮኒ ቆርጬ ሰጠሁት። ጉንዳኖቹን እፍ ብሎ አራገፈና አፍንጫውን ቀበረበት።

"ይሄን ሳላሸት ብሞት ኖሮ ተናድጄ ነበር የምሞተው።"

"መናደድ የለም ተብለሃል።"

ሳቅን። ፊቱ ላይ ቀለም ሲመለስ አየሁና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያ ከሰዓት በኋላ እስካሁን በልቤ አለ።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ገባን። በሩን ዘጋሁት። ፊቴን ከማዞሬ...

ሲ...ጥጥጥ...

ተከፈተ።

መልሼ ዘጋሁት። ተከፈተ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ልፋቴን ሁሉ ብነግራችሁ ታለቅሱልኛላችሁ። መላጊያ አምጥቼ ጠርዙን ላግኩት። ማጠፊያዎቹን ቀየርኩ። ከሥሩ ሽብልቅ ወተፍኩ። መቀርቀሪያ ገጠምኩለት፤ ዞር ስል መቀርቀሪያው ተመልሶ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያን የሚያማምር ምስማር በሙሉ መልሼ ልመታው ብል ምስማሮቹ እንደ ሻማ ተጣመሙ። ውሃ ወቀጣ ሆነብኝ።

ስንት ዓመት አልከፈት ብሎ የኖረ በር አሁን አልዘጋ አለ! በእኔ ላይ! የሰኔ ተናካሽ ዝንብ እየገባ ሥጋችንን ይቆርሳል፣ ቤቱ ይበርዳል፣ እኔ መዶሻ ይዤ በሩን እሰድባለሁ።

"ሐኪሙ መናደድ የለም ያለው ለሁለታችንም ነው" ይለኛል ዋረን ከሶፋው ላይ። ድምፁ ግን እየሳሳ ነበር።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ።

ሮይስ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ሣራችንን የሚያጭድ፣ በረዷችንን የሚጠርግ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ሰው። ሁልጊዜ በመኪናው ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል። በዚያ ሰሞን ግን በቤታችን ፊት ሲደርስ መኪናውን ያዘገማል... ሬዲዮውን ይዘጋል... ቆቡን ያወልቃል። አልፎን ከሄደ በኋላ መልሶ ያደርገዋል።

"ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ?" አልኩ።

በማግስቱ አንዲት ሴት የወጥ ቤቱን በር አንኳኳች። ከቤተ ክርስቲያን በመልክ ነው የማውቃት። በፎይል የተሸፈነ፣ ገና ትኩስ የሆነ መኮሮኒ በአይብ ሰጠችኝ። ከሳህኑ ሥር ስሟን በፕላስተር ላይ ጽፋ ለጥፋበታለች።

አገሬ ነውና ይሄን አውቀዋለሁ። ሳህኑ እንዳይጠፋ ስም የሚለጠፍበት ምግብ የሚመጣው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ምንድነው ይሄ?" አልኳት።

"በርቺ" አለችኝ፣ እጄን ጨበጥ አድርጋ።

"ማን ሞተ?"

ከትከሻዬ በላይ ወደ ሳሎን አየት አደረገችና... "እንዳይቀዘቅዝ ቶሎ ብሉት" ብላ ሄደች።

በነጋታው በድስት የበሰለ ባቄላ መጣ። ቀጥሎ የዶሮ ሾርባ። ማቀዝቀዣው ሞላ። በየሳህኑ ሥር ስም ተለጥፏል።

ሳሎን ውስጥ ሁለት የድሮ ወንበሮች አሉን፤ ቦታቸው በመስኮቱ ግራና ቀኝ ነው። አንድ ጠዋት መሃል ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው አገኘኋቸው። በመሃላቸው ክፍት ቦታ አለ።

"ዋረን፣ ወንበሮቹን ለምን ነካካህ? ከባድ ነገር እንዳታነሳ አልተባልክም?"

"እኔ? አንቺ መስለሽኝ!"

መለስኳቸው። በነጋታው ያው። መለስኳቸው። በነጋታው ያው። መሃላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሰው የሚያስተኛ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ አስጥቼ ጨርሼ ስገባ ሶፋው ባዶ ነው።

"ዋረን?"

መልስ የለም።

መሃል ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሯል። እግሮቹ ወደተከፈተው በር ናቸው። ብስኩት ደረቱ ላይ ቆማ ጀርባዋን ቀስራ በሩን ታየዋለች።

ክው አልኩ።

"ዋረን!"

ዓይኑን ገለጠ። "እ? አይ... እዚህ ይቀዘቅዛል... ደስ ይላል..." ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ፤ ሰኞ አምጪው አሉኝ። ያኔ ሐሙስ ነው። መንገዱን ተሻግሬ በሩጫ አክስቴ አልቪና ጓሮ ገባሁ። ሰላጣ እየነቀሉ ነበር።

"ይንገሩኝ" አልኳቸው። "የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ!"

ቀና አላሉም።

"የፊት በር የሚሠራው ሙሽራ ሊገባበት፣ ሬሳ ሊወጣበት ነው። ሌላ ሥራ የለውም። አንቺ ከፈትሽው። ሙሽራ አላስገባሽበት... እና ይጠብቃል።"

"ምኑን?"

"ያ በር ባዶውን አይዘጋም፣ ልጄ።"

"ምስማሩስ? ማን ነው የቸነከረው?"

"ከእናንተ በፊት የነበረችው ሴትዮ። ባሏ ወጣበት፤ ቀጥሎ ልጇ ታመመ። ገና የባሏ ለቀስተኛ ሳይበተን መዶሻ አነሳች። ልጁ ዳነ።"

"ታዲያ ምስማሩን ሳልነቅል ለምን አልነገሩኝም!"

አሁን ቀና አሉ። "ጠየቅኩሽ እኮ! ሞተ እንዴ ብዬ ጠየቅኩሽ!"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። እዚያው አፈር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሴት ባሏን ፀሐይ ላሙቅ ባለች ይሄ ይከፈላታል? ትንሽ ቆይቶ ግን ልቅሶዬ ወደ እልህ ተለወጠ። ቤቱ ስንት ዓመት ሲያታልለኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን እኔ ባታልለውስ?

"አክስቴ... የወጣው ሰው ይሁን አይሁን በሩ በምን ያውቃል?"

አፈር በነካ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ።

"ምን አስበሻል?"

"ርዝመቱ ሰው የሚያክል ሳጥን አለኝ። ባዶ ሳጥን።"



"የሞከረ አላውቅም" አሉ በሹክሹክታ። "ቢታለልልሽ ጥሩ። ካልታለለስ?"

"ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?"

ወደ ሰላጣቸው ጎንበስ አሉ።

በማግስቱ ሮይስን ሦስት ሰዎች ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት፤ አንድ ሳጥን በፊት በር አውጥተው ጓሮ ያለው በረት ውስጥ እንዲያስቀምጡልኝ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። አስር ሰዓት ላይ መጣ። አራቱም በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሰዋል።

"ልበሱ ብዬ አልነበረም እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ሳጥኑን እኔው ራሴ ነኝ ባዶ ያደረግኩት። ብርድ ልብሶቹን አውጥቼ፣ ውስጡን ጠርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ። ብስኩት ዘላ ገብታበት ነበር፤ እሷንም አንስቼ አውጥቻታለሁ። ባዶ ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ባዶ ነበር።

ክዳኑን ዘግተው በሁለቱ ወንበሮች ላይ አጋደሙት። ልክ ሆነ። ለሱ የተለካ ነበር የሚመስለው።

ዋረን ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ ሳቀ። "ልግባበት እንዴ? ልኬ ነው!"

"አፍህን ዝጋ!" ጮህኩበት። የመጨረሻ... ብቻ እንዲህ ብዬ ነው የጮህኩበት።

"በሉ" አለ ሮይስ።

አራቱም አጎንብሰው ያዙ። አነሱ።

አልተነሳም።

ተያዩ። እንደገና ያዙ፤ እያቃሰቱ አነሱት። የሮይስ የአንገት ሥር ተገተረ።

"ኮሪን..." አለ በሹክሹክታ። "ምን ከተትሽበት?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ባዶ ነው።"

ሳጥኑን አየው። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ ሶፋው አየ... ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

"እሺ" አለ። "በእግሩ በኩል ይውጣ።"

ባዶ ሳጥን ምን እግር አለው? ልለው ነበር። ግን አላልኩትም፤ ወደ ሶፋውም አልዞርኩም። ፈራሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ።

ቀድሜያቸው ወጣሁ። ውጭ አጥሩ ሥር ሰዎች ቆመዋል። የጠራቸው የለም። ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀዋል። የሣር ማጨጃው ድምፅ ጠፋ። ንቦቹ እንኳን ጸጥ ያሉ መሰለኝ። አራቱ ሰዎች ሳጥኑን ተሸክመው በፒዮኒዎቹ መካከል ቀስ... ቀስ... እያሉ ሄዱ።

የመጨረሻው ሰው እግር ድንጋዩን እንደለቀቀ ከኋላችን...

ቀጭ።

በሩ በራሱ ተዘጋ።

ሮጬ በወጥ ቤት ገባሁ። ዋረን ቆሟል! ሳይደገፍ፣ መስኮቱ ጋ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ያወዛውዝልኛል።

"ቀለል አለኝ" አለ።

አቅፌው አለቀስኩ። ሰውነቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ቤቱ በርዶ ስለከረመ ነው ብዬ አሰብኩ። አታለልኩት! ያን እርጉም በር አታለልኩት! በደስታ አበድኩ። የዚያን ቀን አንድ እቅፍ ፒዮኒ ቆርጬ በአሮጌው ሰማያዊ ማሰሮ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሰኞ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "ምን ሆኜ?" አለኝ። እውነትም ምን ሆኖ? ያን መሰላል የመሰለ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ትንፋሹ አይቆራረጥም። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ነው። አይደክመውም። አያልበውም።

አይርበውም። ሻይ እቀዳለታለሁ፣ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ያወራኛል፣ ሻዩ ሙሉውን ይቀዘቅዛል።

"ጠጣ እንጂ!"

"እጠጣለሁ" ይላል፣ ፈገግ ብሎ። መልሶ ያስቀምጠዋል።

ንብ እጁ ላይ ስታርፍ ልብ አይልም። እሷም አትነሳም።

የምግብ ሳህኖቹን እያጠብኩ ስማቸውን እያየሁ ለየባለቤታቸው መለስኩ። ዋረን አብሮኝ መጣ። ሁሉም በር ላይ እጄን ይይዙኛል።

"እንዴት ነሽ? እንዴት ይዞሻል?"

"እኔማ ደህና ነኝ። ዋረንም ይኸው ተሻለው!"

"በርቺ" ይሉኛል። ወደ እሱ ዞር የሚል ሰው የለም።

"ሰላም ነው?" ይላቸዋል ዋረን። መሬት መሬቱን ያያሉ።

አክስቴ አልቪና ቤት ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። አሮጊቷ ሁለቱንም እጆቼን ያዙና...

"እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

"አክስቴ! ሰው ሁሉ ምን ነክቶታል? ይኸው አጠገቤ ቆሟል እኮ! አያዩትም?"

ቀስ ብለው ወደ ጎኔ አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"አየዋለሁ" አሉ በሹክሹክታ። "አየዋለሁ፣ ልጄ። ለዚህ እኮ ነው..."

በሩን ዘጉብን።

ወደ ቤት ስንመለስ ዋረን ያፏጫል። ከሳጥኑ ቀን ጀምሮ በደስታዬ መሃል አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ የሁልጊዜ ሥራዬን። ወጥ ቤት እንደገባን ኮቱን ገለጥ አድርጌ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ።

ጠበቅኩ።

...

አሁንም ጠበቅኩ። ጆሮዬን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረግኩ።

"ምን ይላል?" አለኝ ከላይ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ጆሮዬን አላነሳሁም።

"ኮሪን? ምን ይላል?"

"ዱብ... ዱብ... ይላል" አልኩት።

"ደህና ነኝ ማለት ነው" አለና ግንባሬን ሳመኝ። ከንፈሩ እንደ ጠዋት ድንጋይ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ፒዮኒዎች ዓይኔ ገቡ። ፒዮኒ ከተቆረጠ ሳምንት አይቆይም፤ በአንድ ጊዜ ነው ቅጠሉ የሚረግፈው። እነዚህ ሳምንት አልፏቸውም አንድ ቅጠል አልረገፈባቸውም። እንደተቆረጡ ናቸው። ሽታ ግን የላቸውም።

ያኔ ነው ሌላ ነገር ትዝ ያለኝ። ብስኩት የታለች?

ከዚያ ቀን ወዲህ የዋረን ደረት ላይ አይቻት አላውቅም። ለምሳ ብቅ ትላለች፣ በልታ ትጠፋለች። ሶፋው ላይ ፀጉሯ እንኳን የለም።

ሰዓቱን አየሁ። አስር ሰዓት ሊሆን ነው። ፀሐይዋ እንደዚያን ዕለት ቦግ ብላለች። ዋረን መቀሱን ይዞ ወደ አበባው ወጣ። እኔ በጓሮ ዞሬ ወደ በረቱ ሄድኩ።

የበረቱን በር ገፋ አደረግኩት።

በሳንቃዎቹ መሃል ብርሃን ይገባል፤ አቧራው ይብረቀረቃል። ሳጥኑ እነ ሮይስ ያስቀመጡበት ቦታ ነው። ክዳኑ ተዘግቷል። ሰማያዊው ቀለም ፀሐይ አርፎበት ያምራል።

ብስኩት ክዳኑ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ታንኮራፋለች።

"ብስኩት..." አልኳት ቀስ ብዬ። "ነይ... ነይ እናቴ..."

አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መልሳ ጨፈነች።

ከውጭ የዋረን ድምፅ መጣ። "ኮሪን! ነይ እዪው፣ ሌላ ፈክቷል!"

ድመቷን ብቻ ነበር የማየው።

ከፍ...

ዝቅ...

ከፍ...

ዝቅ...